ሐኪም ቤት ታብሌት ሰጥተው ሲጠይቋችሁ



የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ረዘም ይላል። ስለ አንድ በሽታ ምልክትና መከላከያ ዘርዝሬ የምጨርሰው አይደለም። ካርድ አውጥታችሁ ተራ ስትጠብቁ ታብሌት ወይም ስልክ ተሰጥቷችሁ ስለምትሞሉት መጠይቅ ነው። እግረ መንገዴንም የራሴን ስህተት እነግራችኋለሁ። ባለታሪኳ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷን የሚያሳውቁ ነገሮችን ግን ቀይሬያለሁ።

ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት ጠዋት የሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ወርጄ እገባለሁ፣ ማታ ያንኑ ወጥቼ እመለሳለሁ። የምሠራበት ቦታ ተመላላሽ ታካሚ ይበዛዋል። አንዳንድ ቀን ከ50 በላይ ሰው አያለሁ። ይህ ማለት ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሰላምታ፣ «ምን አመመሽ?»፣ ምርመራ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ ቀጣይ። ከቁርጭምጭሚት ጉዳት ጋር የመጣ ሰው ሌሊት እንደማይተኛ የምሰማበት ጊዜ የለኝም።

ለዚህ መላ ይሆናል ተብሎ ነው ታብሌት የገባው። ታካሚው ተራውን ሲጠብቅ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የማይስማማውን መድኃኒት፣ ቀድሞ የነበረበትን ሕመም ይሞላል። ቀጥሎ ስለ ስሜቱ ዘጠኝ ጥያቄዎች ይመጡለታል። ሁሉም የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ነው፦ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት የሚከተለው ችግር ምን ያህል ጊዜ አስቸግሮዎታል?» መልሶቹም አራት ናቸው፦ ምንም፣ ለተወሰኑ ቀናት፣ ከግማሽ ለሚበልጡ ቀናት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ላይ አልወደድኩትም ነበር። ተጨማሪ ሥራ መሰለኝ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የአራት ወር ልጅ እናት መጣች። ልጁን አማቷ ታቅፈውታል። ራሷን እንደሚያማት፣ ወተቷ እንደቀነሰባት ነገረችኝ። ግፊቷን ለካሁ፣ ደም ማነስ እንዳለባት ለማየት ምርመራ አዘዝኩ፣ የዓይኗን ሽፋን ገልጬ አየሁ። «እንቅልፍስ እንዴት ነው?» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለች። አማቷም ቀበል አድርገው «አብሽሪ፣ እናት የሆነ ሁሉ እንዲህ ነው፣ ይለፋል» አሏት። እኔም ሳቅ ብዬ ነቀነቅኩ። የራስ ምታት መድኃኒት አዘዝኩላት፣ ፈሳሽ እንድታበዛ መከርኳት፣ ቀጣዩን ጠራሁ።

ማታ ልወጣ ስል የቀኑን መጠይቆች ከፈትኩ። የእሷን ስደርስ እጄ ቆመ። ዘጠነኛው ጥያቄ ሰው ብሞት ይሻለኛል ብሎ ወይም ራሱን ስለመጉዳት አስቦ እንደሆነ ይጠይቃል። እሷ የነካችው «ከግማሽ ለሚበልጡ ቀናት» የሚለውን ነው። የሞላችበት ሰዓት ተመዝግቧል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ከ40። እኔ ክፍል የገባችው 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ «እንቅልፍስ?» ብዬ ስጠይቃት መልሱ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። የዚያን ቀን መብራት አልጠፋም፣ ኔትወርክም አልተቋረጠም። እኔ አልከፈትኩትም፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ካርዷ ላይ ያለው ስልክ የባሏ ነበር። ሐኪም ያልሆናችሁ ሰዎች ይህ ለምን እንዳስጨነቀኝ ላይገባችሁ ይችላል። ደውዬ ለባሏ ብነግረው ምስጢሯን አወጣሁ ማለት ነው፤ ቤቷ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ሐሳቡን ያመጣባት ማን እንደሆነ አላውቅም። ካልደወልኩ ደግሞ ሌሊቱን እንዴት እንደምታሳልፈው አላውቅም። ደወልኩ። «ከሐኪም ቤት ነው፣ የምርመራዋን ውጤት በተመለከተ ባለቤትዎን ላናግር» አልኩት። አቀበላት።

«እህቴ፣ ሰው አጠገብሽ አለ?» አልኳት።

«አዎ።»

«እሺ፣ እኔ እጠይቃለሁ፣ አንቺ አዎ ወይም አይ ብቻ በይኝ። ጠዋት ታብሌቱ ላይ የሞላሽውን አየሁት። ዛሬ ማታ ራስሽን ለመጉዳት ታስቢያለሽ?»

ዝም አለች። ዝምታው ረዘመብኝ።

«አይ» አለች በመጨረሻ። «ዛሬ አይደለም።»

«እህትሽ ወይም እናትሽ ጋ ማደር ትችያለሽ?»

«አዎ።»

«ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብቻሽን ነይ። ካርድ አታውጪ፣ በቀጥታ እኔ ጋ ነይ።»

የዚያን ቀን የመጨረሻውን ሚኒባስ ይዤ ሐረጎን ስንወጣ ስልኬን ከእጄ አላወረድኩም። ሌሊቱንም አልተኛሁም።

ጠዋት መጣች። አንድ ሰዓት ያህል አወራን። ወሊዱ ከባድ ነበር። ከወለደች ጀምሮ ልጁ ሲያለቅስ «እኔ እናት መሆን አልችልም» የሚል ሐሳብ ይመላለስባታል። ከልጁ ጋር ሰው ተኝቶ እሷ ቁልጭ ብላ ታድራለች። ለማንም አልተናገረችም። «ለምን ትናንት አልነገርሽኝም?» ስላት ያለችውን አልረሳውም።

«አማቴ ነበሩ። ደግሞ እርስዎ አልጠየቁኝም፤ እሱ ነው የጠየቀኝ» አለች፣ ወደ ታብሌቱ እያመለከተች።

እውነቷን ነው። እኔ ስለ እንቅልፏ ነበር የጠየቅኳት፣ ያውም በር ክፍት ሆኖ፣ አማቷ ባሉበት። ጥያቄውን በግልጽ የጠየቃት ያ ዕቃ ነው። ግን ዕቃው መጠየቅ እንጂ መስማት አይችልም። መስማት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

እነዚህ ጥያቄዎች ከየት መጡ?

ዘጠኙ ጥያቄዎች የተቀመሩት ሮበርት ስፒትዘር፣ ከርት ክሮንኬ እና ጃኔት ዊሊያምስ በተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናታቸው መጠይቁን በዓለም ዙሪያ አስተዋውቆታል። እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፤ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። የደስታ ማጣትን፣ የሐዘን ስሜትን፣ እንቅልፍን፣ ድካምን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ ራስን መውቀስን፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻልን፣ መቅበጥበጥ ወይም መዘግየትን፣ በመጨረሻም የሞት ሐሳብን ይጠይቃል። «ሁለት ሳምንት» የሚለው ያለ ምክንያት አልተቀመጠም። አንድ ቀን መከፋት፣ ለቅሶ ደርሶ ሳምንት ማዘን የሰው ወግ ነው። ስሜቱ ሳይለቅ ሲሰነብትና ሥራን፣ ቤትን፣ ልጅን መያዝ ሲያቅት ነው ሐኪም የሚያሳስበው።

ለወለዱ እናቶች ደግሞ የተለየ መጠይቅ አለ። በ1987 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ የተሠራና በኤድንብራ ከተማ ስም የሚጠራ፣ አሥር ጥያቄዎች ያሉት ነው። ያለፉትን ሰባት ቀናት ይጠይቃል። ስለ እንቅልፍና ስለ ድካም አብዝቶ ከመጠየቅ ይልቅ ስለ ስጋት፣ ስለ ጥፋተኝነት ስሜት፣ ስለ ማልቀስ ይጠይቃል፤ ሕፃን ያላት እናት እንቅልፍ ማጣቷና መድከሟ የሚጠበቅ ነውና።

«የፈረንጅ ጥያቄ ለእኛ ምን ይሠራል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የአገራችን ተመራማሪዎችም ጠይቀውታል። የዘጠኙ ጥያቄዎች የአማርኛ ትርጉም በአዲስ አበባ ትልቅ ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የእናቶቹ መጠይቅም አዲስ አበባ ላይ ተፈትኗል። በጉራጌ ዞን ሶዶ ወረዳ ደግሞ ጤና ጣቢያ በመጡ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ነበር። ሶዶ ላይ የተገኘው ነገር ለእኛ ለሐኪሞች ትልቅ ትምህርት ነው፦ በውጭ አገር ብዙ ጊዜ እንደ መለያ የሚያገለግለው 10 ነጥብ ነው፤ እዚያ ግን ከ10 ዝቅ ባለ ነጥብም በድብርት የሚሠቃዩ ሰዎች ተገኝተዋል። የገጠሩ ሰው ሕመሙን የሚናገረው ቁጥብ ሆኖ ነው። «ትንሽ» ሲል ብዙ ሊሆን ይችላል።

እኛ ወሎዎችም እንደዚያው ነን። «ድብርት ይዞኛል» ብሎ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። «ልቤን ይጫነኛል»፣ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ሆድ ሆዴን ይለኛል»፣ «ሰውነቴ አልታዘዝ አለኝ» ነው የሚለው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ስንቱ ቤቱን ጥሎ ወጣ፣ ስንቱ ሰው ቀበረ፣ ጤና ተቋሞቻችን ተዘርፈው ባዶ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ራስ ምታትና የልብ ምት ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። የልብ ምርመራው ደህና ይሆናል። ጥያቄው በትክክል ሲጠየቅ ግን ሌላ ነገር ይወጣል።

ነጥብ በሽታ አይደለም

ይህን በደንብ ያዙልኝ። ታብሌቱ የሚሰጠው ቁጥር «እዚህ ቤት ጭስ ይታያል፣ ገብታችሁ እዩ» እንደማለት ነው። ምን እንደሚነድ አይናገርም።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ከኩታበር አካባቢ የመጡ አንድ አባት ከፍተኛ ነጥብ አመጡ። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ አይበላም፣ ድካም አለ፣ ሐሳብ አይሰበሰብም። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ድብርት ነው ይላል። ስጠይቃቸው ግን ከወር በላይ ያሳልሳቸዋል፣ ሌሊት በላብ ይጠመቃሉ፣ ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል። አክታቸው ሲመረመር ሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ደም ማነስ፣ የእንቅርት ሆርሞን ችግር፣ ስኳር፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም እንዲህ ያለ ነጥብ ያመጣሉ። የጾምና የረመዳን ወራትም የምግብና የእንቅልፍ መልስን ይቀይራሉ። ስለዚህ ከፍ ያለ ነጥብ አይታችሁ አትደንግጡ፤ ከኢንተርኔት ላይ መጠይቅ ሞልታችሁም ራሳችሁን በሽተኛ አታድርጉ። መድኃኒትም ከፋርማሲ በራሳችሁ አትግዙ።

በተቃራኒው ዝቅ ያለ ነጥብም ዋስትና አይደለም። ይህ ደግሞ የእኛ አመል ያመጣው ነው። እኛ ስንጠየቅ «ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን» ማለት ያደግንበት ነው። ሰላምታ ላይ ሕመም መዘርዘር ነውር ይመስለናል። ጎረቤት «እንዴት አደርሽ?» ሲላችሁ ይህ መልስ ያምራል። መጠይቅ ግን ሰላምታ አይደለም። ታብሌቱ አይቀየማችሁም፣ አያዝንላችሁም፣ ሰፈር ውስጥ ወሬ ይዞ አይዞርም። ፈጣሪን ማመስገንና «ሌሊት አልተኛም» ብሎ መመለስ አይጣሉም። ሁለቱንም ማለት ትችላላችሁ።

ለወላጆች፦ ልጁ ራሱ ይመልስ

በአንድ አጋጣሚ አንድ አባት የ16 ዓመት ልጃቸውን በሆድ ሕመም ይዘው መጡ። ታብሌቱን ለልጁ ሰጠነው። አባትየው ተቀበሉትና መሙላት ጀመሩ። «እሱ ምን ያውቃል፣ እኔ አባቱ አይደለሁ» አሉ። በክፋት አይደለም፤ ልጃቸውን የሚወድ፣ ሥራ አቋርጦ የመጣ አባት ነው። የሞሉት ሁሉ «ምንም»፣ «ምንም»፣ «ምንም» ነበር።

አባትየውን በአክብሮት ውጭ እንዲቀመጡ ጠየቅኳቸው፣ ልጁ እንደገና እንዲሞላ አደረግን። መልሱ የሌላ ሰው ነበር የሚመስለው። ከብሔራዊ ፈተናው ጭንቀት ጋር የተያያዘ፣ ለወራት የቆየ እንቅልፍ ማጣት፣ «ቤተሰቤን አሳፍራለሁ» የሚል ሐሳብ። ሆዱን ስንመረምረው ደህና ነበር። ልጁ ፈቅዶልኝ፣ ልንናገር የተስማማንበትን ብቻ ከአባቱ ጋር ተነጋገርን። አባትየው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «እኔ እኮ በየቀኑ አብሬው ነው እራት የምበላው» አሉ።

እናትና አባቶች፣ ስለ ትንሽ ልጃችሁ ትኩሳት፣ ክትባትና አመጋገብ እናንተ ናችሁ የምትመልሱት። ልጅ ከፍ ሲል ግን ስለ ስሜቱ እሱ ራሱ ይመልስ። ሐኪሙ «ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» ሲላችሁ ምስጢር ሊደብቃችሁ አይደለም። የልጁ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ መንገራችን አይቀርም፤ ይህንንም ለልጁ አስቀድመን እንነግረዋለን።

የምሞላው መረጃ የት ይሄዳል?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ ልክም ናችሁ። ባሳለፍነው ጊዜ ስሙን መዝገብ ላይ ማስፈር የሚያስፈራው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

ማወቅ ያለባችሁ እነዚህን ነው። በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ቁጥሩ 1321/2016 ነው። የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ከመሙላታችሁ በፊት «ይህን ማን ያየዋል? ለሕክምናዬ ነው ወይስ ለጥናት?» ብላችሁ ጠይቁ። ለጥናት ከሆነ ፈቃዳችሁን መጠየቅ አለባቸው፤ እምቢ ብትሉም ሕክምናችሁ አይቋረጥም።

ቤት ለቤት ስለሚመጡት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ልጨምር። ፕሮግራሙ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ድሮ የእያንዳንዱ ቤተሰብ መረጃ በወረቀት ማኅደር ነበር የሚቀመጠው። አሁን በብዙ ቦታ ታብሌት ይዘው ይመጣሉ፤ ጤና ሚኒስቴር የዘረጋው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ነው። የነፍሰ ጡር ክትትልን፣ የክትባት ቀንን፣ የቤተሰብ ምጣኔን እዚያ ላይ ይመዘግባሉ። በደጅ ሰው እያለፈ፣ ጎረቤት ቡና እየጠጣ ስለ ግል ጉዳያችሁ ከጠየቋችሁ «ወደ ውስጥ እንግባ» ማለት መብታችሁ ነው። ባለሙያዋም ደስ ይላታል እንጂ አትቀየምም።

እኛ ምን ቀየርን?

ከዚያች ማክሰኞ በኋላ ተሰብስበን አንድ ነገር ወሰንን፦ የማናነበውን አንጠይቅም። ሰው ልቡን ከፍቶ መልስ ሰጥቶ ማንም ካላየው፣ ባንጠይቀው ይሻለው ነበር። ሁለተኛ «ማንም አይሰማኝም» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳልና።

አሁን ነርሷ መጠይቁን ታካሚው ወደ እኔ ከመግባቱ በፊት ታየዋለች። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ከ«ምንም» ሌላ መልስ የሰጠ ሰው፣ ድምሩ ዝቅ ያለ ቢሆንም እንኳ፣ ለብቻው ሳይነጋገር አይወጣም። ከአስታማሚ ጋር የመጣ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ብቻውን ይሆናል። ማንበብ ለማይችል ሰው ጥያቄው በር ተዘግቶ ይነበብለታል፤ መተላለፊያ ላይ ጮክ ብሎ ማንበብ ቀርቷል። ከከሚሴና ከባቲ በኩል ለሚመጡ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች ቋንቋውን የሚያውቅ ባልደረባችን ይጠይቃል፤ አብሮ የመጣ ዘመድ እንዲያስተረጉም አናደርግም። መብራት ሲጠፋ ወረቀት አለ። በካርዱ ላይም «ብንፈልግዎ በየትኛው ስልክ እንደውል? ሌላ ሰው ቢያነሣው ምን እንበል?» የሚል ጨምረናል።

ከእናንተ የምለምነው

1. መጠይቁን ራሳችሁ ሙሉ። ዓይናችሁ ካስቸገራችሁ ወይም ማንበብ ካልቻላችሁ ለነርሷ ንገሯት። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

2. «ሁለት ሳምንት» ሲል የዛሬን ስሜት ብቻ አትመልሱ። ያለፈውን የገበያ ቀን፣ ከዚያ በፊት የነበረውንም አስቡ።

3. ያልገባችሁ ጥያቄ ካለ ዝም ብላችሁ «ምንም» አትንኩ። ጠይቁ፣ ወይም እለፉት።

4. ሐኪሙ ጋ ስትገቡ «የሞላሁትን አይተውታል?» በሉ። ይህ ድፍረት አይደለም። እኔን ያን ቀን አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ደስ ባለኝ።

5. መልሳችሁ ከባድ ከሆነ ታብሌቱ ላይ ጽፋችሁ ብቻ አትሂዱ። ድንገተኛ ነገር ለስልክ ተነግሮ አይታደርም። በአፋችሁ ተናገሩ።

6. በዚህ ሰዓት የሞት ሐሳብ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ብቻችሁን አትሁኑ። ለምታምኑት አንድ ሰው ንገሩና አብሯችሁ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ድንገተኛ ክፍል ይምጣ። በደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ የጤና ጣቢያ ሐኪምም ሊጽፍላችሁ ይችላል።

7. ቤተሰብ ከሆናችሁ ደግሞ ሰውዬውን ለብቻው አትተዉት። መድኃኒቶችንና ፀረ ተባይ ኬሚካሎችን ከቤት አውጡ ወይም ቆልፉ። «ስለዚህ ነገር ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ» ብላችሁ አትፍሩ። መጠየቅ ሐሳብ አያስገባም። ብዙዎች ሲጠየቁ ነው እፎይ የሚሉት። ጸሎትና ዱዓችሁን አታቋርጡ፤ ሕክምናውንም አታስቀሩ።

ያቺ እናት እንዴት ሆነች ብላችሁ ጠይቃችሁ ይሆናል። ወደ ደሴ ላክናት፣ ምክክር ጀመረች፣ ጡት እያጠቡ የሚወሰድ መድኃኒትም ታዘዘላት። እህቷ ሁለት ወር አብራት ቆየች። ከእሷ ፈቃድ ጋር አማቷንም አነጋገርናቸው። በጣም አዘኑ። «እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር የመጀመሪያዬን ስወልድ፤ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለምሽት የሚነሡት እሳቸው ሆኑ፣ ልጁ ሲያለቅስ ተቀብለው ያባብሉታል።

ልጁ ዘጠኝ ወር ሲሞላው ለኩፍኝ ክትባት ይዛው መጣች። ወፍሯል። ነርሷ እንደ ደንቡ ታብሌቱን ሰጠቻት። ሞላችው። ወደ እኔ ከመግባቷ በፊት ከፍቼ አየሁት፤ ዘጠነኛው ላይ «ምንም» ይላል።

ገባች፣ ተቀመጠች፣ ልጁ የአንገት ማዳመጫዬን ያዘው። በሩን ዘጋሁት። ያንኑ ጥያቄ ደግሜ በአፌ ጠየቅኳት።

እናንተም የምትወዱትን ሰው ዛሬ በአፋችሁ ጠይቁት። «ደህና ነኝ» ሲላችሁም አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጠይቁት።

ጤና ይብዛላችሁ። የወለደች እህት ወይም ጎረቤት ላለችው ሰው አካፍሉልኝ።